ጭስ የሌለበት ቤት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጌም ቤት ነበረኝ። ከመናኸሪያው ብዙም የማይርቅ፣ አንድ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ነው። ደንበኞቼ በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ፤ የሚጫወቱትም ኳስ ነው። የኳስ ጨዋታ ጫጫታ ነው። ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ የተሸነፈው ጆይስቲኩን ወርውሮ ይወጣል። ጥግ ላይ ግን አንድ የተለየ ስክሪን ነበረኝ፤ እሱ ላይ የጀብዱ ጨዋታ ጭኜ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን በማያውቀው አገር የሚጓዝበት፣ በር የሚከፍትበት፣ ዋሻ የሚገባበት ዓይነት። ልጆቹ ብዙም አይነኩትም ነበር። «ማንን ልታሸንፍበት ነው?» ይላሉ።

ያንን ጥግ የለመደው እሱ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ እንዲጻፍለት የሚፈልግ አይመስለኝም። የይጁቤ አካባቢ ሰው ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ዲቁና ተቀብሏል፤ አስኳላውን ዘግይቶ ጀመረና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር አጠና። እኔ ጋ መምጣት ሲጀምር ተመርቆ ሥራ ይፈልግ ነበር። እድሜያችን ተቀራራቢ ነው።

መጀመሪያ የመጣ ቀን ሄድፎኑን አድርጎ ተቀመጠ፣ ከዚያ ምንም አላደረገም። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ አንድ የፈረሰ ቤት በር ላይ ቆሞ ቀረ። ጊዜው በከንቱ እየሄደበት ስለሆነ አዘንኩለትና ጠጋ አልኩ።

«ወደፊት ለመሄድ ይህችን ነው የምትጫናት» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትሄድም?»

ሄድፎኑን ካንድ ጆሮው ላይ አነሳ። «ሙዚቃው ቆመ» አለ። «እስካሁን የነፋስ ድምፅ ነበረ፤ እሱም ቆመ። ይህን ያቆመ ሰው አለ። ያ ሰው አንድ ነገር ሊያደርገኝ አስቧል።»

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ወደ ስክሪኑ ተመለሰና መስማቱን ቀጠለ።

እየቆየን ስንግባባ ነገሩን ያስረዳኝ ጀመር። አውሬው ከወጣ በኋላ ፍርሃት የለም ይለኛል፤ ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ ወይ ትሮጣለህ ወይ ትመታዋለህ። ፍርሃቱ ያለው ከመውጣቱ በፊት ነው። ስለዚህ ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች የሚደክሙት አውሬው ላይ ሳይሆን ከአውሬው በፊት ባለችው ጎዳና ላይ ነው። ጥይትና መድኃኒት ሳትለፋ በየጥጉ ሲያስቀምጡልህ፣ ያኔ ፍራ። መንገዱ ድንገት ሰፊና ቀጥ ያለ ሲሆን ፍራ። ካሜራው ከጀርባህ ራቅ ብሎ ከላይ ሲያይህ፣ ሌላ የሚያይህ አለ ማለት ነው።

«ይህን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማሩህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ዩኒቨርሲቲ!» ብሎ ሳቀ። «ይህንስ ያስተማረኝ ውሻ ነው። ቅኔ ቤት ሳለን ቁራሽ ልንለምን በየመንደሩ ስንሄድ፣ የሚጮህ ውሻ ምንም አይደለም። የት እንዳለ ታውቃለህ፤ በትርህን ወደዚያ ታዞራለህ። የሚያስፈራው ግቢ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ውሻው የሌለበት ነው።»

እኔ ጌም ቤቱን ከመክፈቴ በፊት ታፔላ እጽፍ ነበር። የምግብ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የጥርስ ሐኪም ታፔላ። ሥዕል እችላለሁ። ኮምፒውተር ላይ መሣልንም ከስልክ ቪዲዮ እያየሁ ለምጄ ነበር። የኛን አገር የመሰለ ጨዋታ እንሥራ የሚለው ሐሳብ ከማናችን እንደመጣ ዛሬ አላስታውስም። ብቻ አንድ ቀን ጀምረነው ተገኘን። ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት፣ እሱ በላፕቶፑ ይጽፋል፣ እኔ ጎኑ ተቀምጬ እሥላለሁ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ብዙ ዘመን ከርሞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ከገበያ ተነስቶ ድልድይ ይሻገራል፣ በባሕር ዛፍ መካከል ያልፋል፣ ወደ ቤቱ ይደርሳል። መሣሪያ የለውም፤ የሚዋጋውም የለም። ዝም ብሎ ይሄዳል። በየቦታው ግን አንድ ነገር ትክክል አይደለም። ያንን ነገር ካስተዋልክ በሌላ መንገድ ትዞራለህ፤ ካላስተዋልክ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ የመቀርቀሪያ ድምፅ ትሰማለህ፣ አለቀ። ምን እንደገደለህ አይታይም።

በዚህ ተጣልተናል። «ሰው ምን እንደገደለው ማወቅ አለበት» እለዋለሁ።

«ካወቀማ አበቃ» ይለኛል። «ማወቅ ያለበት ምልክቱን ነው። ምልክት ሳታስቀምጥ ከገደልከው ጨዋታ አይደለም፣ ግፍ ነው።»

በዚህ ሕጉ ጽኑ ነበር። ለእያንዳንዷ ሞት አንዲት ምልክት፤ ትንሽ ትሁን፣ ግን ትኑር። ከድልድዩ ሥር ሰው ያለበት ጊዜ ወፎቹ ድልድዩ አጠገብ ካለው ዛፍ ላይ አይኖሩም። ሲከፈት የሚጮኸው የአጥሩ በር፣ አደጋ ያለ ቀን ዘይት እንደጠጣ ዝም ይላል።

ባለቤቴ መምህርት ናት፤ ጨዋታ የሚባል ነገር አይገባትም፣ አትወድም። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ግን እሷን አስቀመጥናት። ማውሱን ይዛ እየተደናበረች ድልድዩን አለፈች፣ ዛፎቹን አለፈች፣ የሰውየው ቤት ደጃፍ ደረሰች። ቆመች።

«ግቢ እንጂ» አልኳት።

«አልገባም።»

«የራሱ ቤት እኮ ነው።»

«ይሁን። ጭስ የለውም። በምሳ ሰዓት ጭስ የማይወጣው ምን ዓይነት ቤት ነው?» አለችና ማውሱን ገፋችው። ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «ሰውን እንዲህ እያስፈራችሁ ምን ታገኛላችሁ?»

እሱ በደስታ ተነስቶ ክፍሉን ዞረ። ያንን ጭስ እንዳልሥል የከለከለኝ እሱ ነው፤ ሥዬ ስመጣ አጥፋው ብሎኝ አኩርፌ ነበር። ያን ቀን ከባለቤቴ ጋር ምሳ በላን፤ ሲወጣ ደጋግሞ «ጭስ የለውም አለች» እያለ ይስቅ ነበር። በሕይወቴ ያንን ያህል ደስ ያለው ሰው ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ከዚያ ድምፅ ያስፈልገን ጀመር። ከኢንተርኔት የወረደ ድምፅ አይሆንም አለ፤ የኛን አገር ነፋስ የኛ አገር ሰው ያውቀዋል። አንድ አነስተኛ ድምፅ መቅጃ ከሰው ተዋስን። ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ እየወረድን፣ ጨሞጋ ወንዝ ዳር እየተቀመጥን ቀዳን። የእህል ውቂያ፣ የበሬ ትንፋሽ፣ ሩቅ የሚጣራ ሰው። ዝምታም ይቀዳል ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን የባሕር ዛፍ ዝምታና የገደል አፋፍ ዝምታ እውነትም አይመሳሰሉም። የሚያየውን ሁሉ እንዳይረሳ ለስልኩ ይናገራል። «ሰውየው እዚህ ጋ ይደበቃል። ከድልድዩ ሥር ሲያይ እሱ መታየት የለበትም። ከዚህ ወደ ላይ መንገዱ ጠባብ ነው፤ መሸሻ የለም።» እንዲህ እያለ ይቀዳል፤ እኔ ደግሞ ለሥዕሌ ፎቶ አነሳለሁ፣ ማታ እልክለታለሁ።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። እንዴት እንደከፋ ለሚያውቅ መናገር አያስፈልግም፤ ለማያውቅም ማስረዳት አልችልም። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ኔትወርክ ይጠፋል። ሱቆች በእኩለ ቀን መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፤ ለምን እንደሆነ የመጀመሪያው ባለሱቅ እንጂ ሌላው አያውቅም። እንዲህ ብዬ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን በነዚያ ወራት ከተማው የኛን ጨዋታ ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይሄዳል። ባጃጅ ሳይጮህ ከቀረ ሰው ከቤት አይወጣም። ልዩነቱ፣ የኛ ጨዋታ ሐቀኛ ነበር። እውነተኛው ዓለም ግን ምልክት አያስቀምጥም። ፀሐይ የወጣበት፣ ገበያው የደመቀበት፣ ውሻው የሚጮህበት፣ ጭሱ የሚጨስበት ቀን ነው ሰው የሚወሰደው።

እሱም የተወሰደው እንደዚያ ባለ ቀን ነው። መንገዱ ተከፍቶ ነበር፤ ቅዳሜ ነው። ወደ ይጁቤ ሄደን የገበያ ድምፅ ልንቀዳ፣ እሱም እናቱን ሊጠይቅ ተስማምተን ነበር። ጠዋት ሕፃኑን ልጄን አተኮሰው። መናኸሪያው ድረስ ሄጄ እንደማልሄድ ነገርኩት።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

«ትኩሳት ነው። ጤና ጣቢያ ልንወስደው ነው።»

«እግዚአብሔር ይማረው። እንግዲያ ብቻዬን እቀዳለሁ» አለና የሚኒባሱ መስኮት ጋ ተቀመጠ። ድምፅ መቅጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር።

መንገድ ላይ ኬላ ነበረ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሚኒባሱን አስቆሙ፣ ተሳፋሪውን አወረዱ፣ ፈተሹ። የሁሉንም አይተው ሲለቁ እሱን አስቀሩት። ስልኩን ከፍተው የራሱን ድምፅ ሰምተዋል። ሰውየው እዚህ ጋ ይደበቃል። መሸሻ የለም። ከድምፁ በታች ደግሞ የኔ ፎቶዎች ነበሩ፤ ድልድይ፣ አጥር፣ የመንገድ መታጠፊያ፣ የሰው ቤት ደጃፍ። ይህን የነገረችኝ አብራው ተሳፍራ የነበረች ሴት ናት። ጌም ቤቱ ድረስ መጥታ፣ ቆማ ነገረችኝና ስሟን ሳትነግረኝ ሄደች።

እናቱ ከይጁቤ መጡ። ከመንገዱ ገሚሱን በእግራቸው ነው የመጡት። ሁለታችን ሆነን በየቢሮው ዞርን። አንዱ የለም ይላል፣ አንዱ ነገ ይላል፣ አንዱ ማነው የምትሉት ይላል። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ተቀበለን። ወንበር እንኳ ሰጠን። ጉዳዩ ጨዋታ መሆኑን፣ ልጁ ኮምፒውተር የተማረ መሆኑን ነገርኩት።

«ምን ዓይነት ጨዋታ?» አለ።

ላፕቶፑ የቀረው እኔ ዘንድ ነበር። ይህ ሰው አንድ ጊዜ ቢያየው ነገሩ ሁሉ ይገባዋል፣ ይስቃል፣ ይፈታዋል ብዬ አሰብኩ። በማግሥቱ ይዤው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩለት።

«ራስዎ ይሞክሩት፤ ጨዋታ መሆኑን ያዩታል» አልኩት።

ማውሱን ያዘ። መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር። ከገበያው ወጣ፣ ድልድዩን በዕድል አለፈ፣ ዛፎቹ መካከል ገባ። ነፋሱ ሲቆም ፈገግታውን አቆመ። አንገቱን ወደ ስክሪኑ አቀረበ። ደጃፉ ደረሰ። ጭስ የለም። ገባ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ መቀርቀሪያው ተሰማ፤ እጁን ከማውሱ ላይ እንደተቃጠለ ሰው መነጨቀ። ከኋላው የቆመ አንድ ወጣት ሳቀ። ኃላፊው ዞሮ ሲያየው ወጣቱ ሳቁን ዋጠ።

«ማነው የገደለኝ?» አለኝ።

«አይታይም።»

«የት ተደብቆ ነበር?»

«የትም። የለም እኮ። ጨዋታ ነው።»

«ሳይኖር ገደለኝ?» አለ። ድልድዩ ያለበትን ሥዕል መልሼ እንዳሳየው አዘዘኝ። አሳየሁት። ብዙ አየው። «ይህን ድልድይ አውቀዋለሁ። የእኛ መንደር መውጫ ነው።»

«ፈጠራ ነው፤ ከብዙ ድልድይ አሰባስቤ ነው የሣልኩት።»

«አውቀዋለሁ እልሃለሁ። ከሥሩ ሰው እንደሚያደፍጥ ማን ነገራችሁ?»

ማንም አልነገረንም። እኛ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያንን ድልድይ ያውቀዋል፤ ሁሉም የራሱ መንደር መውጫ ይመስለዋል። እንዲመስለው አድርጌ ነው የሣልኩት። ያን ያህል የተሳካልኝ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

«ይህ እዚህ ይቆይ» አለና ላፕቶፑን ከደነው።

እናቱ ከውጭ በአጥሩ ጥላ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። «ምን አሉህ ልጄ?» አሉኝ።

«እናጣራለን አሉ።»

«አሳየሃቸው?»

«አሳየኋቸው።»

«እንግዲያ መልካም» አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ተነሱ። መልካም ያሉት እኔን ለማጽናናት ይሁን አምነውበት፣ አላወቅሁም።

ወራት አለፉ። ጌም ቤቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ልጆቹ ሲጮሁ ደስ አይለኝም፤ ዝም ሲሉም ደስ አይለኝም። ጥግ ያለውን ስክሪን ነቅዬ ዕቃ ቤት አስገባሁት። የሱን ስም በየቢሮው እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ስንቅ ተቀበሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን እዚህ የለም አሉኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ተፈቷል፣ እህቱ ቤት ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። ከባለቤቴ ጋር ማርና ብርቱካን ይዘን ሄድን። ጋቢ ለብሶ መደብ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ተነስቶ ሳመን። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እሱ አላለቀሰም። ስለ ልጃችን ጠየቀ።

«ደህና ነው፤ ትምህርት ጀመረ» አልኩት።

«ያን ቀን አሞት ነበር።»

«አዎ፣ ትኩሳት። ነግሬህ ነበር።»

«ነግረኸኛል» አለ። ብርቱካኑን አንስቶ በእጁ ያገላብጠው ጀመር። «ላፕቶፑን ወስደህ አሳይተሃቸዋል?»

«አዎ። ጨዋታ መሆኑን እንዲያዩ ብዬ።»

«ድልድዩንም?»

«ሁሉንም። ደብቄ ምን ላደርግ?»

«እሺ» አለ። ብርቱካኑን ሳይልጥ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ ከእህቱ ጋር ስናወራ ቆየንና ተነሳን።

እህቱ ልትሸኘን በሩ ድረስ ወጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አትቀየመው» አለችኝ። «ሲጠይቁት መጀመሪያ ጨዋታ ነው እያለ ሲምልላቸው ነበር አሉ። ከዚያ አንድ ቀን ጓደኛህ በገዛ እግሩ መጥቶ ሁሉን አሳይቶናል አሉት። ድልድዩን፣ ዛፎቹን፣ ቤቱን ሁሉ እየጠሩ ነገሩት። ከዚያ ወዲህ መማል ተወ።»

«እኔ እኮ ላስፈታው ነው የሄድኩት።»

«እኔ አምንሃለሁ» አለች። «እሱ ግን ያን ቀን ለምን ቀረ ይላል።»

ልወቅሰው አልችልም፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ያለውን ሳይሆን የጎደለውን እንዲያይ ራሱን ያስለመደ ሰው ነው። በዚያ ቅዳሜ ሁሉ ነገር ነበረ፤ የጎደልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቀጥሎ የነገሩትም ውሸት አልነበረም። በገዛ እግሬ ሄጃለሁ፣ በገዛ እጄ ከፍቼ አሳይቻለሁ። ውሸት ቢሆን ኖሮ በማስረጃ አፈርሰው ነበር። እውነትን በምን አፈርሳለሁ? የሕፃን ትኩሳት ማስረጃ አይሆንም።

ደግሜ ሄድኩ። ተኝቷል አለች እህቱ። ደግሞ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። በሦስተኛው ራሷ እህቱ በሩን ስትከፍት ዓይኗን ሰበረችብኝ፤ ከዚያ በኋላ እሷን ላለማስቸገር ብዬ ተውኩ። ባለቤቴ በሽማግሌ አስታርቁን በል አለችኝ። በምን ተጣላን ብዬ ነው ሽማግሌ የምልክ? አንድ ክፉ ቃል አልተነጋገርንም።

ላፕቶፑ አልተመለሰም። ጨዋታው ሌላ ቦታ አልተቀመጠም ነበር፤ ኔትወርክ ስላልነበረ የትም አልላክነውም። ጌም ቤቱንም ዘጋሁ። ዕቃውን ለሌላ ሰው ሸጬ ወደ ታፔላዬ ተመለስኩ። አንዳንድ የቀድሞ ደንበኞቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ «ያ የምትሠሩት ጌም እንዴት ሆነ? ያስፈራ ነበር?» ይሉኛል። ያስፈራ ነበር እላቸዋለሁ።

እሱ ወደ መርጡለ ማርያም እንደሄደ፣ ጉባኤ ቤት ገብቶ ያቋረጠውን ትምህርት እንደቀጠለ ሰማሁ። ኮምፒውተር አይነካም አሉ። እውነት መሆኑን የማጣራበት መንገድ አልነበረኝም።

ባለፈው የመድኃኒት ቤት ታፔላ ልጽፍ ወደዚያ የምሄድበት ሥራ አገኘሁ። ቀለሜንና ብሩሼን ይዤ ሄድኩ። ሥራውን ጨርሼ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ከወዲያ ማዶ ነጭ ለብሶ፣ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ሲመጣ አየሁት። እሱም አየኝ። መንገዱን ይቀይራል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቀየረም። ቀጥ ብሎ መጣና አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ ላይ ቂም አይታይም፣ ደስታም አይታይም። ለማያውቀው ትልቅ ሰው እንደሚያደርግ ጎንበስ አለልኝ።

«እንዴት ዋሉ?» አለኝ። «ቤተሰብዎ ደህና ናቸው?»

አንተ በለኝ፣ ስደበኝ፣ ጠይቀኝ ልለው ፈልጌ ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። «እርስዎስ?»

«ይመስገን» አለና መንገዱን ቀጠለ። ረዳቱ ማርቆስ፣ ማርቆስ እያለ ይጣራ ነበር፤ የቀለም ባልዲዬን አንስቼ ገባሁ።